የፊደል ቁጥር፦ ኮምፒዩተር ጽሑፍን የሚይዝበት ሥርዓትና የኢትዮጵያ ሆሄያት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በአማርኛ የተጻፈ የአፈር ምርመራ ዘገባ በዛሬ ኮምፒዩተር ላይ ይከፍታል እንበል። ሠንጠረዦቹ በቦታቸው አሉ፤ አኃዞቹም ይነበባሉ። ጽሑፉ ግን የለም። በአማርኛው ፋንታ የላቲን ፊደላት፣ የገንዘብ ምልክቶች፣ ቅንፎችና የቃል አጋኖዎች ተደባልቀው ገጹን ሞልተውታል። መሐንዲሱ በመጀመሪያ የሚገምተው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ነው። ፋይሉ ግን አልተበላሸም፤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንዲት ቢት እንኳ አልተለወጠችበትም። የጠፋው በቁጥርና በፊደል መካከል የነበረው ስምምነት ነው። የዛሬው ንግግር ስለዚሁ ስምምነት ይሆናል።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም። የሚይዘው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩንም የሚይዘው በዜሮና በአንድ ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ በመኪናው ውስጥ እንዲቀመጥ አራት ጉዳዮች መወሰን ይኖርባቸዋል። በመጀመሪያ የትኞቹ ሆሄያትና ምልክቶች እንደሚታወቁ ይወሰናል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ቀጥሎ ያ ቁጥር በስንት ባይትና በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ ይደነገጋል። በመጨረሻም ቁጥሩ በመስኮት ወይም በወረቀት ላይ ሲወጣ ምን ቅርጽ እንደሚለብስ የሚነግር ፎንት ይዘጋጃል። አብዛኛው ችግር የሚመነጨው እነዚህን አራት ነገሮች እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። በተለይም ቅርጹን ሆሄው ራሱ ነው ብሎ ማሰብ በአገራችን ብዙ ሰነድ አስከፍሏል፤ ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

ስምምነቱ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ኤሚል ቦዶ ባቆመው ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል አምስት የኤሌክትሪክ ምት ያህል፣ በዛሬ አነጋገር አምስት ቢት፣ ይይዝ ነበር። አምስት ቢት 32 ልዩ ልዩ አደራደር ብቻ ስለሚሰጥ ለላቲን ፊደላትና ለአኃዞች በአንድ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ አንድ የመለወጫ ምልክት ተጨመረ፤ ምልክቱ ሲላክ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አኃዝ ነው ተብሎ ይነበባል። መለወጫው በመስመሩ ላይ ከጠፋ ግን መልእክቱ በሙሉ ትርጉሙን ይስታል። ከላይ የተጠቀሰው መሐንዲስ ያየው ነገር፣ በዘመን ይራቅ እንጂ፣ ከዚህ የተለየ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው ደረጃ ሰባት ቢት ወሰደና 128 ቦታ አገኘ። ትናንሾቹ የላቲን ፊደላት ሙሉ ቦታቸውን የያዙት በ1967 በተሻሻለው እትም ነው። ከ128ቱ ውስጥ 33ቱ የሚታዩ ፊደላት አይደሉም፤ መኪናውን የሚያዙ ናቸው፦ ወደ አዲስ መስመር ውረድ፣ ደወል ደውል፣ እነዚህን የመሳሰሉት። 127ኛው ቁጥር የመሰረዣ ምልክት ሲሆን የተመረጠበትም ምክንያት የሚያስደስት ነው። በዚያን ጊዜ ጽሑፍ በወረቀት ሪባን ላይ በቀዳዳ ይመዘገብ ነበር። የተበሳ ቀዳዳ አይደፈንም፤ ሆኖም በስሕተት የተጻፈ ፊደል ባለበት ቦታ ሰባቱን ቀዳዳዎች በሙሉ በስቶ ማጥፋት ይቻላል። ሰባቱም አንድ የሆኑበት ቁጥር ደግሞ 127 ነው። ሪባኑ ከጠፋ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ቁጥሩ በቦታው አለ። በዚህ ሙያ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቦታ በቀላሉ አይነቀልም።

አስኪ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው። ባይት ስምንት ቢት ሆኖ ከጸና በኋላ ግን 128 ተጨማሪ ቦታ ተገኘ፤ እያንዳንዱም አገርና እያንዳንዱ ድርጅት ያንን ትርፍ ቦታ በየፊናው ሞላው። ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች አንድ ሠንጠረዥ፣ ለሩስያኛ ሌላ፣ ለግሪክኛ ሌላ፣ ለዐረብኛ ሌላ ሠንጠረዥ ወጣ። አይ.ቢ.ኤም. ደግሞ በ1964 ካወጣቸው ታላላቅ መኪናዎች ጋር ኤብሲዲክ የሚባል፣ ከአስኪ ፈጽሞ የማይገጥም ሥርዓት አቆመ። አንዱና ያው ቁጥር በአንዱ አገር ፊደል፣ በሌላው ሥርዓተ ነጥብ፣ በሦስተኛው የመስመር ቁራጭ ሆነ።

የኢትዮጵያ ሆሄያት ወደ ኮምፒዩተር የገቡት በዚህ የስምንት ቢት ዘመን ነው። የቦታ ጥበት ለአማርኛ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲደክሙም ተጋፊው ችግር የቁልፍ ማነስ ነበር። ሒሳቡ ግልጽ ነው። የአማርኛ 33 የፊደል ቤተሰቦች በሰባት ድምፅ 231 ይሆናሉ። በእነዚህ ላይ ቨ ከነዝርያዎቿ፣ እንደ ሏ፣ ቋና ጓ ያሉት ዲቃላዎች፣ ሃያዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ይጨመራሉ። ከ256ቱ የባይት ቦታዎች ግን የማዘዣዎቹ ቁጥሮች ሲቀነሱ የሚተርፈው ከ220 ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ማንኛውም ሠሪ ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ነበረበት፦ ወይ ሆሄያቱን በሁለትና በሦስት ፎንት መክፈል፣ ወይም የሆሄውን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ በመስኮት ላይ ማጋጠም። በሁለተኛው ዘዴ አንድ ሆሄ በዐይን አንድ ቢመስልም በፋይሉ ውስጥ ሁለት ቁጥር ነው።

ብራና፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የሚባሉት የዚያ ዘመን ሥራዎች በብዙ መሥሪያ ቤቶች የታወቁ ናቸው። እነዚህን መንቀፍ ተገቢ አይሆንም። አገሩ በራሱ ፊደል ደብዳቤና ጋዜጣ በኮምፒዩተር ለመጻፍ የበቃው እንደነዚህ ባሉ ሥራዎች ነው፤ ሌላ መንገድም አልነበረም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የራሱን ሠንጠረዥ ስለተከተለ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው አይነበብም ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ራሱ መታለሉ ነው። መኪናው የያዘው የላቲን ቁጥር ነው፤ በላዩ የአማርኛ ቅርጽ ያለው ፎንት ለብሷል። ፎንቱ ሲወልቅ አማርኛው አብሮ ይወልቃል። የጽሑፉ ማንነት የተንጠለጠለው በፎንቱ ስም ላይ ብቻ ነበር ማለት ነው። የፎንት ስም የማይመዘገብበት ቦታ፣ ለምሳሌ የደመወዝ ወይም የንብረት ዳታቤዝ፣ ይህን ዐይነት ጽሑፍ የሚቀበለው ማንነቱን አራግፎ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያቀረቡት ሴራ የተባለው ሥርዓት የኢትዮጵያን ሆሄያት በአስኪ ፊደላት ብቻ የሚጽፍ ነው። በትንሹና በትልቁ የላቲን ፊደል መካከል ያለው ልዩነት በሴራ ትርጉም አለው፤ ሀን በትንሹ፣ ሐን በትልቁ እየጻፈ ሁለቱን ይለያል። ለዐይን አያምርም፤ ነገር ግን የጻፈው ሰው የፈለገውን ሆሄ ያለ ጥርጥር ያስተላልፋል፤ ከየትኛውም ፎንት ጋር አልተቆራኘም። ከምሕንድስና አንጻር ሲታይ ቅርጽን ከማንነት የለየ ሥራ ነበር።

በሌላ በኩል ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ቁጥር ለመስጠት የታሰበው ዩኒኮድ የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 ነው። በጅምሩ 16 ቢት፣ ማለትም 65,536 ቦታ፣ ለዓለም ይበቃል ተብሎ ታስቦ ነበር። አልበቃም፤ በ1996 በወጣው ሁለተኛው እትም ሥርዓቱ እንዲሰፋ ተደረገና ዛሬ የቦታዎቹ ጠቅላላ ቁጥር 1,114,112 ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከ150,000 በላይ የሚሆኑት ተይዘዋል። የኢትዮጵያ ሆሄያት የገቡት በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን በዚያን ጊዜ የተመዘገቡት ሆሄያት፣ አኃዞችና ነጥቦች 345 ነበሩ።

የአመዘጋገቡ ዘዴ የመሐንዲስን ዐይን የሚስብ ስለሆነ ቀረብ ብሎ መመልከት ይገባል። ለሕንዱ ዴቫናጋሪ ጽሕፈት ተነባቢው ለብቻ፣ የአናባቢው ምልክት ለብቻ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ለኢትዮጵያ ግን እያንዳንዱ ሆሄ ሙሉ አካል ሆኖ ተመዘገበ። ውሳኔው ትክክል ነበር። በግዕዝ ፊደል የአናባቢው ምልክት ከአካሉ ጋር የተዋሐደ ነው፤ ሎ፣ ሮ፣ ቦና ፎ አራቱም ሳብዕ ሲሆኑ የሳብዕነታቸው ምልክት አንድ አይደለም። ቢሆንም በቁጥሮቹ አደራደር ውስጥ የገበታው ሥርዓት ተጠብቆ ቀርቷል። ሀ 4608ኛውን ቁጥር ይዛለች፤ ይህም ለስምንት ያለ ቀሪ የሚካፈል ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት፣ ስምንተኛው እንደ ሏ ላሉት።

«ሰላም» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የሰ ቁጥር 4656፣ የላ 4619፣ የም 4637 ነው። ከላ ቁጥር 4608 ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ 11 ለስምንት ሲካፈል ውጤቱ አንድ፣ ቀሪው ሦስት ነው። ውጤቱ አንድ ማለት ከሀ ቀጥሎ ያለው ቤተሰብ፣ የለ ቤት፣ ማለት ነው። ቀሪው ከዜሮ ስለሚጀመር ሦስት ማለት አራተኛው ድምፅ፣ ራብዕ፣ ነው። ለም ደግሞ ቀሪው 29 ነው፤ ውጤቱ ሦስት፣ ቀሪው አምስት፤ አራተኛው ቤተሰብ የመ ቤት፣ ድምፁም ሳድስ። በቄስ ትምህርት ቤት በዜማ የሚጠናው ገበታ በኮምፒዩተር ውስጥ የማካፈል ሒሳብ ሆነ ማለት ነው። ለቃላት ማረሚያ ወይም ለግሥ እርባታ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ከዚህ ብዙ ጥቅም ያገኛል። ከሥርዓቱ የወጡ ሆሄያት የሉም አይባልም፤ እነ ፘ፣ ፙና ፚ በገበታው ጫፍ ለብቻቸው ተሰልፈዋል።

ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ ወደ ባይት የመለወጡ ጉዳይ ይመጣል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 የነደፉት ዩቲኤፍ-8 ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ከሚገኙት ገጾች ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት የሚጻፉበት ነው። የአስኪ ፊደላት እንደ ድሮው በአንድ ባይት ይጻፋሉ፤ ሌሎቹ እንደ ቁጥራቸው ትልቅነት ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ባይት ይወስዳሉ። የ1999ኙ የኢትዮጵያ ሆሄያት ሦስት ሦስት ባይት ይፈጃሉ። ሰ 225፣ 136፣ 176 ተብሎ ይጻፋል፤ ላም ደግሞ 225፣ 136፣ 139። የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። በምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ 225 በአናቷ ላይ ጭረት ያላት ትንሿ የላቲን ኤ ናት። አማርኛ በስሕተት ሠንጠረዥ ሲነበብ ያቺ ፊደል በየሦስት ምልክቱ የምትደጋገመው ስለዚህ ነው፤ እርሷን ያየ ባለሙያ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 እንደሆነና እንዳልጠፋ ወዲያው መረዳት ይችላል። መጀመሪያ ላይ የተነሣው የአሮጌው ፎንት ዘገባ ግን ይህን ምልክት አያሳይም። ሁለቱ በሽታዎች መድኃኒታቸው ስለማይገናኝ መለየታቸው ጠቃሚ ነው።

ሦስት ባይት በዛ የሚሉ አሉ። «ሰላም» በዩቲኤፍ-8 ዘጠኝ ባይት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ አምስት ባይት ነው። ነገር ግን አንድ ሆሄ ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚሸከም ልዩነቱ ሦስት እጥፍ አይሆንም፤ በዛሬ የማከማቻ ዋጋም የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው የስልክ አጭር መልእክት ነው። አንድ መልእክት 140 ባይት ይይዛል። በሰባት ቢት የተጻፈ የላቲን መልእክት 160 ፊደል ሲያስተናግድ የአማርኛው መልእክት ለእያንዳንዱ ሆሄ ሁለት ባይት ስለሚወስድ በ70 ያበቃል። አንዲት የአማርኛ ሆሄ በላቲን መልእክት መካከል ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፣

ዩኒኮድ ከመጣ ወዲህ ነገሩ አልቋል የሚል አስተያየት በየስብሰባው ይሰማል። አላለቀም። እንዲያውም ከባዱ ክፍል አሁን ነው የሚጀምረው፤ ምክንያቱም ስሕተቱ በዐይን የማይታይ ሆኗል። ለምሳሌ አራት ነጥብ ለብቻው ቁጥር ያለው አንድ ምልክት ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ይጽፉታል። በወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ በፋይሉ ውስጥ ግን አራት ነጥብ የለም፤ ያለው የቃል መለያ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ነው። ዐረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ የሚለይ ፕሮግራም ሙሉውን ዘገባ እንደ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነበዋል። የላቲኑን ሁለት ነጥብ ደርበው የሚጽፉም አሉና አንድ ምልክት በሦስት መልክ ይገኛል ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው የሞክሼ ሆሄያት ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ቁጥራቸው ግን ለየብቻ ነው፤ ሊሆንም ይገባል፤ በግዕዝ የቃሉን ትርጉም ይለያሉና። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንመልከት። የመጀመሪያዋ ሆሄ በፀ ወይም በጸ ትጻፋለች። መካከለኛዋ ከሦስቱ ቤቶች በግዕዝም በራብዕም ስለምትጻፍ ስድስት መልክ አላት። ሁለት ጊዜ ስድስት ዐሥራ ሁለት ነው። ለሰው ጆሮ አንድ የሆነው ስም ለኮምፒዩተር ዐሥራ ሁለት ልዩ ልዩ ቃል ነው።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ እንዳይመስል በሙያው ውስጥ ወዳለ ሥራ እንውሰደው። መንገድ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ላሉ ገበሬዎች የካሣ ዝርዝር ይዘጋጃል። አንዱ መዝጋቢ የባለ ይዞታዋን ስም ወይዘሮ ፀሐይ ኃይሉ ብሎ ይጽፋል፤ በክፍያው ክፍል ያለው ሌላው መዝጋቢ ጸሀይ ሀይሉ ብሎ ያስገባል። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ዝርዝሮች ሲያስተያይ አንዲቱን ሴት ሁለት ያደርጋታል። ከሁለት አንዱ ይደርሳል፦ ወይ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፣ ወይ በመሬቷ ላይ ግሬደር ከገባ በኋላ ስምሽ የለም ትባላለች። በመዝገብ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ስሟን ደጋግማ የምትጠራው ሴት የቱ ሀ እንደሆነ ልትጠየቅ አይገባትም። ጥፋቱም የመዝጋቢዎቹ አይደለም፤ ሁለቱም በልማድ ትክክል ጽፈዋል። የጎደለው በፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ስሙ እንደተጻፈ መጠበቅ አለበት፤ ለፍለጋ ግን ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚያመጣ ሁለተኛ ዓምድ ከጎኑ ሊኖር ይገባል። ከላይ የታየው የማካፈል ሒሳብ ይህን ሥራ ቀላል ያደርገዋል፤ የሐና የኀ ቤት ቁጥሮች ድምፃቸውን እንደያዙ ወደ ሀ ቤት ይወርዳሉ። በአማርኛ የሀ ቤት ግዕዙና ራብዑ አንድ ድምፅ ስለሆኑ እነርሱን በተጨማሪ ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ የአ ቤትም እንዲሁ። ዋናውን ጽሑፍ በዚህ መንገድ መቀየር ግን ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት፤ የተዋሐደ ሆሄ ተመልሶ አይለይም።

ሆሄያቱም በ345 አልቆሙም። በ2005 ሰባት ቤት ጉራጌን ጨምሮ ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ተጨማሪዎች ገቡ፤ በ2010 ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚሆኑት ተመዘገቡ፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች 28 ሆሄያት ተጨመሩ። ጠቅላላው 523 ደርሷል። የመጨረሻዎቹ 28 ቁጥራቸው ከ65,536 በላይ ስለሆነ በዩቲኤፍ-8 አራት ባይት ይወስዳሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ማይኤስኪዩኤል በሚባለው የታወቀ ዳታቤዝ ውስጥ ለብዙ ጊዜ «ዩቲኤፍ8» ተብሎ ሲጠራ የኖረው ዐይነት ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም፤ አራት ባይት የሚቀበለው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የተባለው ነው። በአሮጌው ዐይነት የተሠራ የተማሪዎች መዝገብ አማርኛን ያለ እንከን ያስተናግዳል፤ ስሙ በአዲሶቹ የጉራጌ ሆሄያት የተጻፈ ልጅ ሲመጣ ግን ያቋርጣል ወይም ይቆርጣል። ሠሪው በአማርኛ ሞክሮ ሠርቷል ብሎ ያስረከበው ሥራ ለሌላው የአገሩ ቋንቋ አልሠራም ማለት ነው። ለሙከራ ከእነዚህ 28 ሆሄያት አንዷን ማስገባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ወደ መሐንዲሱ ዘገባ እንመለስ። በአሮጌ ፎንቶች የተጻፉ የአፈር ምርመራዎች፣ የድልድይ ሒሳቦች፣ የውልና የርክክብ ሰነዶች በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ አሉ። ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይቻላል፤ ሥራው የሚጠይቀው የአሮጌውን ፎንት ሠንጠረዥ ማግኘትና ሁለት ቁጥር አንድ ሆሄ የሚሆንበትን ቦታ ከአንድ ቁጥሩ አስቀድሞ መፈለግ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አካሉ ለብቻው ይለወጥና ቅጥያው ትርጉም የሌለው ሆኖ ይቀራል። በአማርኛው መካከል የገባ እንግሊዝኛ ካለ ደግሞ የፎንቱ ስም ይመራል፤ ስለዚህ ፋይሉን ከመለወጥ በፊት ወደ ተራ ጽሑፍ ገልብጦ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የፎንቶቹ ስሞች ይጠፋሉና። ዋናው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ለውጡ በግልባጩ ላይ ይሁን። የፎንቱ ሠንጠረዥ ከጠፋና ፎንቱም በየትኛውም መኪና ላይ ካልተገኘ የሚቀረው መረጃ በዚያን ጊዜ የታተመው ወረቀት ብቻ ነው። ከወረቀቱ ላይ ሆሄውን፣ ከፋይሉ ላይ ቁጥሩን እያስተያዩ ሠንጠረዡን እንደገና መሥራት ይቻላል፤ ለዚህም ጥቂት ገጾች ይበቃሉ። ስለዚህ የአሮጌ ፋይል ክምችት ያለው የማኅበሩ አባል የፋይሉ ግልባጭ አለ ብሎ የታተመውን ዘገባ ከማስወገዱ በፊት ከእያንዳንዱ ፎንት ቢያንስ ሁለትና ሦስት ገጽ ለይቶ ከዲስኩ ጋር በአንድ ኤንቨሎፕ ያስቀምጥ፤ በኤንቨሎፑም ላይ የፎንቱን ስም ይጻፍበት።